ኮላው ከመከፈቱ በፊት፦ የእንጨት መርከብ ኪት ከታሪኩ ጋር መግጠሙን እንዴት እንፈትሻለን?

የመርከብ ኪት ማለት በሳጥን የሚመጣና ቤት ውስጥ የሚገጣጠም የትንሽ መርከብ ሞዴል ነው። ሳጥኑ ሲከፈት የእንጨቱ ሽታ ቤቱን ይሞላዋል። ቀጫጭን ጣውላ፣ የምሰሶ በትር፣ በትናንሽ ላስቲክ የታሸገ መድፍ፣ ተጣጥፎ የመጣ ትልቅ ንድፍ። እጅ ወዲያው ወደ ኮላው ይሄዳል። እኔም የመጀመሪያዋን መርከቤን የጀመርኩት እንዲሁ ነው። የስዊድኗ የጦር መርከብ ቫሳ ነበረች። ሳጥኑ ላይ ያለው ሥዕል ሰማያዊ ስለነበር ሰማያዊ ቀባኋት። ብዙ ወር ከሠራሁባት በኋላ ነው እውነተኛዋ ቫሳ ሰማያዊ እንዳልነበረች የሰማሁት። የቅርጻቅርጾቿ መደብ ቀይ ነበር።

ቀለሙን ፍቄ እንደገና ቀባሁ። ያን ያህል ድካም ለሌላ ሰው አልመኝም። ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው ስለ መገጣጠም ሳይሆን ከመገጣጠም በፊት ስላለው ሥራ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ሁለት ሦስት ምሽት ይበቃል። የሚያስፈልገው ማስመሪያ፣ እርሳስ፣ የስልካችሁ ካልኩሌተርና አንድ ደብተር ነው። ምሳሌዬ በአብዛኛው ቫሳ ናት፤ መንገዱ ግን ለማንኛውም መርከብ ይሠራል። ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ኪት ለምን እንደሚሳሳት እንወቅ። አንዳንዱ ንድፍ የተሳለው ከዐሥርት ዓመታት በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ የተደረገው ምርምር አልገባበትም። ሌላው ምክንያት ዋጋ ነው። አንድ ዓይነት መድፍ፣ አንድ ዓይነት መልህቅና አንድ ዓይነት የገመድ ማሰሪያ ለብዙ መርከቦች ይታደላል፤ መርከቦቹ በመቶ ዓመት ቢራራቁም። አንዳንዴ ደግሞ ሠሪው ለጀማሪ እንዲቀል ብሎ ያቃልለዋል። ይህ ነውር የለውም። እኛ ግን የቱ እንደተቃለለ ማወቅ አለብን።

1. አንድ ቀን ምረጡ

መርከብ ዕድሜ አላት። ትጠገናለች፣ ትቀባለች፣ ምሰሶዋ ይቀየራል። ስለዚህ «የእንግሊዟን ቪክቶሪ እሠራለሁ» ማለት አይበቃም። የየትኛውን ዓመት ቪክቶሪ? ቪክቶሪ ውኃ ላይ የወረደችው በ1765 ነው። ያኔ በግንባሯ ላይ ትልቅና የተወሳሰበ ቅርጽ ነበራት። ከኋላዋም ሰው የሚቆምባቸው ክፍት ሰገነቶች ነበሯት። በ1803 ባበቃው ትልቅ ጥገና ሰገነቶቹ ተዘጉ፤ የግንባሩም ቅርጽ ቀለል ባለ ተተካ። የእንግሊዙ አድሚራል ኔልሰን በ1805 ትራፋልጋር በተባለው የባሕር ላይ ጦርነት የተዋጋው በዚህችኛይቱ ነው። ኪታችሁ ከኋላ ክፍት ሰገነት፣ ከጎን ደግሞ የትራፋልጋርን ጥቁርና ቢጫማ ቀለም ከሰጣችሁ፣ የያዛችሁት የሁለት ዘመን ቅልቅል ነው። እንዲህ ያለች መርከብ አንድም ቀን ባሕር ላይ ታይታ አታውቅም።

ቫሳ በዚህ በኩል ትቀላለች። የባሕር ላይ ዕድሜዋ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነበር። እሑድ፣ ኦገስት 10 ቀን 1628 ከስቶክሆልም ተነሣች። 1,300 ሜትር ያህል እንደሄደች ነፋስ አጋደላት፤ በተከፈቱት የመድፍ መስኮቶች ውኃ ገባ፤ ሰጠመች። ወደ 30 የሚሆኑ ሰዎች አብረዋት ቀሩ። ስዊድን ያኔ የምትጠቀመው የጁልያን አቆጣጠር ስለነበር፣ ዕለቱ በእኛ ነሐሴ 17 ቀን 1620 ዓ.ም. ላይ ይውላል። እዚህ ዐፄ ሱስንዮስ ነግሠው ነበር። እኔ እንዲህ በራሴ የዘመን አቆጣጠር ሳስቀምጠው ነው ርቀቱ የሚገባኝ። እናንተም ሞክሩት።

የመረጣችሁትን ቀን በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በትልቁ ጻፉ። ከዚህ በኋላ ለእያንዳንዱ ዕቃ የምታቀርቡት ጥያቄ አንድ ነው፦ በዚያን ቀን ይህ ነገር መርከቧ ላይ ነበር?

2. ማስረጃው ምን ያህል እንደሆነ እወቁ

ሁሉም መርከብ እኩል አይታወቅም። እኔ በሦስት መደብ እከፍላቸዋለሁ።

አንደኛው መርከቧ ራሷ የቆመችበት ነው። ቫሳ በ1961 ኤፕሪል 24 ከባሕር ወጣች። ዛሬ ስቶክሆልም ውስጥ በራሷ ስም በተሠራው ሙዚየም ቆማለች። ሙዚየሙ የተከፈተው በ1990 ነው። ዐይን ያያታል፣ ሜትር ይለካታል። ሁለተኛው መርከቧ ጠፍታ ንድፏ የቀረበት ነው። ባውንቲ እንዲህ ናት። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በ1787 ሲገዛት ያስነሣው ንድፍ ግሪኒች በሚገኘው ቤተ መዘክር ተቀምጧል።

ሦስተኛው ምንም የሌለበት ነው። የኮሎምበስ ሳንታ ማሪያ የቀረ ንድፍ የላትም። በ1492 ገና ሌሊት ዛሬ ሄይቲ በምትባለው አገር ጠረፍ አሸዋ ላይ ወጥታ ቀረች፤ እንጨቷንም ፈትተው ምሽግ ሠሩበት። ገበያ ላይ ያሉት የሳንታ ማሪያ ሞዴሎች በሙሉ በዘመኑ ስለነበሩ መርከቦች ከሚታወቀው የተገመቱ ናቸው። ሳጥኑ ላይ «ከታሪኩ ጋር ፍጹም የሚገጥም» የሚል ቃል ብታዩ አትመኑት። ይህን ስል ሳንታ ማሪያን አትሥሩ ማለቴ አይደለም። ቆንጆ ሥራ ናት። ግን ግምት እየሠራችሁ መሆኑን አውቃችሁ ሥሩ።

3. ንድፉን በማስመሪያ ለኩ

ይህ ቀላሉ ደረጃ ነው። ብዙ ሰው ግን ይዘለዋል። በሳጥኑ ላይ 1:75 ተብሎ ከተጻፈ፣ እያንዳንዱ የእውነተኛዋ መርከብ ልክ ለ75 ይካፈላል። የቫሳ ዋና ልኮች እነዚህ ናቸው። ከግንባሯ ወደ ፊት ከተወረወረው ምሰሶ ጫፍ እስከ ኋላዋ 69 ሜትር። ያለዚያ ምሰሶ 61 ሜትር። ስፋቷ 11.7 ሜትር። ከታች እስከ ዋናው ምሰሶ ጫፍ 52.5 ሜትር። የኋላዋ ግንብ ቁመት 19.3 ሜትር። ውኃ ውስጥ የሚገባው ክፍሏ 4.8 ሜትር።

ለ75 ስናካፍል በቅደም ተከተል 92 ሳ.ሜ.፣ 81 ሳ.ሜ. ከትንሽ፣ 15.6 ሳ.ሜ.፣ 70 ሳ.ሜ.፣ 25.7 ሳ.ሜ. እና 6.4 ሳ.ሜ. ይመጣል። አሁን ንድፉን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉና ለኩ። ስፋቱ በሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ቢለይ አትጨነቁ፤ የጣውላው ውፍረት ብቻ ያን ያህል ያመጣል። አንድ ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ቅርጿ ተበላሽቷል ማለት ነው። የመርከቧን ቅርጽ የሚይዙት የጎድን አጥንቶች ተቆርጠው ስለሚመጡ ያንን ማስተካከል ከባድ ነው። እንዲህ ሲያጋጥም ምርጫው ሁለት ነው፤ እንዳለ ተቀብሎ መሥራት፣ ወይም ሳጥኑን ዘግቶ መመለስ። እኔ እመልሰው ነበር። ቀለም ይፋቃል፣ ገመድ ይቀየራል። የአካሏ ቅርጽ ግን አንዴ ከቆመ ቆመ።

አንድ ጥንቃቄ፦ የመርከብ ርዝመት የሚለካው በብዙ መንገድ ነው። ቪክቶሪ ለምሳሌ በታችኛው የመድፍ ወለሏ 186 የእንግሊዝ ጫማ ናት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ግን 227 ጫማ ተኩል ናት። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ስለዚህ የምታነጻጽሩት አንድ ዓይነት ርዝመት ከአንድ ዓይነት ርዝመት ጋር መሆኑን አረጋግጡ። ጫማውም ራሱ ከአገር አገር ይለያያል። ቫሳ ውስጥ አራት የአናጺ ማስመሪያዎች ተገኝተዋል። ሁለቱ በስዊድን ጫማ የተሠሩ ናቸው፤ ባለ 12 ኢንች። ሁለቱ በአምስተርዳም ጫማ፤ እሱ ደግሞ ባለ 11 ኢንች ነው። ሠራተኞቹ በአንድ መርከብ ላይ በሁለት ዓይነት ልክ ይሠሩ ነበር። መርከቧም ግራና ቀኟ ፍጹም እኩል አይደለም። ኪቱ ግን እኩል አድርጎ ነው የሚሰጣችሁ። እኔ ይሄንን አልነካውም፤ በ1:75 ዐይን አይለየውም።

4. የካርቶን ሰው ቁረጡ

ከሁሉ የምወደው ዘዴ ይህ ነው። ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው በ1:75 ሲሠራ 2.3 ሳ.ሜ. ይሆናል። ከካርቶን አንድ ትንሽ ሰው ቁረጡና ሥራው እስኪያልቅ ጠረጴዛው ላይ ይኑር። በር ስትገጥሙ አጠገቡ አቁሙት። ጎንበስ ብሎ ይገባል? ደረጃው ላይ እግሩ ይደርሳል? የወለሉ ከለላ ወገቡ ላይ ነው ወይስ አናቱን አልፎታል?

የኪት ስህተት በብዛት የሚጋለጠው እዚህ ነው። ምሰሶው ላይ የሚወጣበትን የገመድ መሰላል እዩ። በደረጃዎቹ መካከል 1 ሳ.ሜ. ከተዋችሁ፣ መርከበኛው 75 ሳ.ሜ. እየተንጠራራ ይወጣል ማለት ነው። በማዕበል ላይ ማን ይችለዋል? 5 ሚ.ሜ. አድርጉት። እሱ በእውነተኛዋ መርከብ ላይ 40 ሳ.ሜ. አይሞላም፤ ለሰው እግር የሚሆን ነው።

ምስማርም እንዲሁ። አንዳንድ መመሪያ ጣውላውን ለማሳመር አናታቸው 1 ሚ.ሜ. የሆነ ቢጫ ምስማሮች በመደዳ ምቱ ይላል። በ1:75 ይህ የ7.5 ሳ.ሜ. አናት ነው። የቡና ሲኒ አፍ የሚያክል ምስማር! በዚያ ዘመን ጣውላ የሚያያዘው በአብዛኛው በእንጨት ችንካር ነው። ውፍረቱ 3 ሳ.ሜ. ቢሆን በእኛ ልክ 0.4 ሚ.ሜ. ይሆናል። በሹል እርሳስ ነጥብ ማድረግ ይበቃል። ወይም ጨርሶ መተው። የታየው ምስማር ሁሉ ውበት አይደለም።

5. ያልነበረውን አውጡ

አሁን የዕቃ ዝርዝሩን አንብቡና በየዕቃው አጠገብ መቼ እንደተጀመረ ጻፉ። ለ17ኛው ክፍለ ዘመን መርከብ ሁለት ነገሮች ቶሎ ይያዛሉ።

የመጀመሪያው ክብ መሪ ነው። ፊልም ላይ የለመድነው፣ እንደ ጋሪ ጎማ የሚዞረው። እሱ የመጣው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። ቫሳን የሚመራው ሰው የሚገፋው ቀጥ ብሎ የቆመ ረጅም በትር ነበር። በትሩ ወለሉን አልፎ ወደ ታች ይወርድና ከመሪው ዘንግ ጋር ይገናኛል። ኪታችሁ ለዚህ ዘመን መርከብ ክብ መሪ ከላከላችሁ አስቀምጡት፤ ለሌላ ሥራ ይሆናል።

ሁለተኛው መዳብ ነው። የመርከብን ሆድ በመዳብ ቆርቆሮ ማልበስ የመርከብ ትልንና አረምን ለመከላከል ነው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በ1761 በአላርም መርከብ ላይ ሞከረው። በብዛት የተሠራበት ከ1779 በኋላ ነው። ቪክቶሪ ራሷ መዳብ የለበሰችው በ1780 ነው። የ1765ቷን ቪክቶሪ የምትሠሩ ከሆነ መዳብ የለም ማለት ነው። ለቫሳማ ጭራሽ አይታሰብም።

6. ቀለም

እዚህ ላይ ረጋ እንበል። ቫሳ ከጭቃው ስትወጣ ጥቁር ነበረች። መርከቧ የተሠራችው ኦክ ከሚባል ጠንካራ እንጨት ነው፤ 333 ዓመት ውኃ ውስጥ የተኛ ኦክ ይጠቁራል። ቀለሟ ታጥቦ ነበር። መጀመሪያ ላይ ባለሙያዎች ከቅርጻቅርጾቹ ጀርባ ያለው መደብ ሰማያዊ፣ ቅርጾቹ ደግሞ ወርቃማ ነበሩ ብለው ገመቱ። ብዙ ሥዕልና ብዙ ኪት ይህን ተከተለ። ኋላ ላይ በእንጨቱ ቀዳዳዎች ውስጥ የቀሩ የቀለም ቅንጣቶች ተመረመሩ። መደቡ ቀይ ሆኖ ተገኘ። ቅርጾቹም ወጥ ወርቅ አይደሉም። ሰዉ የሰው መልክ፣ ልብሱ የልብስ ቀለም፣ ቅጠሉ አረንጓዴ ነበር። ሙዚየሙ ውስጥ በ1:10 የተሠራው ትልቅ ሞዴል ይህን ያሳያል። ፎቶዎቹን ኢንተርኔት ላይ በነፃ ታገኛላችሁ። ጥቂቶቹን አትሙና ግድግዳ ላይ ለጥፉ።

ስለዚህ ሁለት ስህተት አለ። አንዱ የሰማያዊው ነው። ሁለተኛው መርከቧን በጥቁር ቡናማ ቫርኒሽ መቀባት ነው። ብዙ ሰው «ሙዚየም ውስጥ እንዲህ ናት» ብሎ ያጠቁራታል። ያ የ1961 መልኳ ነው። በ1628 አዲስ ተጠርቦ የተሠራ ኦክ ነበረች። የ1961ዷን መሥራት ከፈለጋችሁ ይቻላል፤ ግን ያኔ ሸራና የተወጠረ ገመድ አይኖራትም። እንደገና ወደ አንደኛው ደረጃ፦ ቀን ምረጡ።

ቫሳ 700 ያህል ቅርጻቅርጽ አላት። ከግንባሯ አጠገብ ብቻ 20 የሮም ነገሥታት ተሰልፈዋል። ኪቱ ወርቅማ አድርጎ የሚሰጣችሁን የብረት ቅርጾች በመጀመሪያ ቀጭን ነጭ ቀለም አልብሷቸው። ከዚያ ፊት፣ ልብስ፣ ፀጉር እያላችሁ በቀጭን ብሩሽ ቀቡ። በቀን አምስት ስድስቱን ብትሠሩ በቂ ነው። አድካሚ ነው፤ አልዋሻችሁም። መርከቧን ከሳጥኑ ሥዕል አውጥቶ የራሷ የሚያደርጋት ግን ይህ ሥራ ነው። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ያየ ሰው ይህን አይከብደውም። ቀይ መደብ ላይ የቆሙ ባለቀለም ምስሎች ለእኛ ዐይን እንግዳ አይደሉም።

የመድፍ መስኮቶቹን መዝጊያ አትርሱ። በውስጥ በኩል የአንበሳ ፊት አላቸው። ሲከፈት ለጠላት የሚታየው ያ ፊት ነው።

7. መድፍ

ቫሳ 64 መድፎች እንዲኖሯት ነበር የታሰበው። 48ቱ የ24 ፓውንድ ጥይት የሚተኩሱ ናቸው። የተቀሩት 8 ባለ 3 ፓውንድ፣ 2 ባለ 1 ፓውንድ፣ እና 6 በቅርብ ርቀት የሚያገለግሉ አጫጭር መድፎች ናቸው። በ1660ዎቹ ጠላቂዎች ከ50 በላይ የሚሆኑትን አውጥተው ወስደዋል። በ1961 መርከቧ ውስጥ የተገኙት ሦስት ብቻ ነበሩ። ነሐስ ናቸው።

የኪታችሁን መድፎች ቁጠሩ። ከዚያ አፋቸውን ለኩ። የ24 ፓውንድ መድፍ አፍ 15 ሳ.ሜ. ገደማ ነው፤ በ1:75 2 ሚ.ሜ. ይሆናል። ቀዳዳው 1 ሚ.ሜ. ከሆነ በቀጭን መሰርሰሪያ አስፉት። ወርቅ የመሰለውን ብልጭታ በጥቂት ቡናማ ቀለም አደብዝዙት።

8. ገመድና ሸራ

ገመድ ሁለት ዓይነት ነው። ምሰሶ የሚወጥረው የማይንቀሳቀስ ገመድ በሬንጅ ይቀባል፤ ጠቆር ይላል። ሸራ የሚጎትተው ገመድ ግን ፈዘዝ ያለ ነው። ኪቱ ሁሉንም አንድ ቀለም ክር ከላከ አንዱን ራሳችሁ አጥቁሩት። ድፍን ጥቁር ግን አታድርጉት። የዚያ ዘመን የመርከብ ሬንጅ ከጥድ የሚወጣ ነው፤ ጥቁር ቡናማ ነው። በዓለም ገበያ የታወቀው ደግሞ በስቶክሆልም ስም ነበር።

ሸራው ላይ ቫሳ የሰጠችን ማስረጃ ይገርማል። በጠቅላላው ዐሥር ሸራ ነበራት። በዚያች እሑድ የተዘረጉት አራት ብቻ ናቸው፦ የፊተኛው ምሰሶ የታችኛውና የላይኛው፣ የመካከለኛው ምሰሶ የላይኛው፣ እና የኋለኛው ምሰሶ ሸራ። የቀሩት ስድስቱ መጋዘን ውስጥ ተጠቅልለው ነበሩ። የተዘረጉት አራቱ ባሕር ውስጥ በሰበሱ። ስድስቱ ግን በዚያው በመጋዘናቸው እስከ እኛ ዘመን ቆዩ። ኪቱ ዐሥሩንም እንድትሰቅሉ ይነግራችኋል። ቀናችሁ ኦገስት 10 ከሆነ አራት ብቻ ዘርጉ፤ የመድፍ መስኮቶቹንም ክፈቱ። የመካከለኛው ምሰሶ ትልቁ የታች ሸራ ባዶ ሆኖ ሲታይ ጎብኚ «ረሳኸው እንዴ?» ይላል። ያኔ ታሪኩን ትነግሩታላችሁ።

9. ደብተሩን መርከቧ ሥር አኑሩ

በየምሽቱ ከሥራ ስትነሡ ያደረጋችሁትን ለውጥ ጻፉ። በሦስት ዓምድ፦ ኪቱ ምን አለ፣ እኔ ምን አደረግሁ፣ በምን ማስረጃ። ማስረጃ የሌለው ቦታ ላይ «ግምት» ብላችሁ ጻፉ። ከኔ ቫሳ ደብተር ላይ ልጥቀስ፦ «መደብ፦ ኪቱ ሰማያዊ፤ እኔ ቀይ፤ የቀለም ምርመራ። የገመድ መሰላል፦ ኪቱ 1 ሳ.ሜ.፤ እኔ 5 ሚ.ሜ.፤ የካርቶኑ ሰው። የኋላ ፋኖስ፦ እንደ ኪቱ፤ ግምት።»

መርከቧ ስታልቅ ይህንን በአንድ ገጽ አጠር አድርጋችሁ ገልብጡ። የመረጣችሁትን ቀን ከላይ ጻፉበት። ወረቀቱን እርጥበት እንዳይነካው በላስቲክ ሸፍኑና ከመቆሚያዋ ሥር ለጥፉት።